የስኩባ ዕቃ የሚሸከም ባለ ጎማ ሻንጣ ስትመርጡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የስኩባ፣ ማለትም ከሲሊንደር አየር እየተነፈሱ ውሃ ውስጥ የመጥለቅ፣ ዕቃ መግዛት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ማስኩና ከሲሊንደሩ አየር ወደ አፍ ስለሚሰጠው ሬጉሌተር ነው። ሻንጣ ትዝ የሚለው ሁሉም ነገር ወለል ላይ ተዘርግቶ ሲያየው ነው። «ይሄን ሁሉ በምን ልጎትተው ነው?» ይላል። ከዚያ ሱቅ ገብቶ ትልቁን፣ ወፍራሙን፣ ጠንካራ የሚመስለውን ይዞ ይወጣል። እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር። አሁን ሳስበው የገዛሁት መውደቅንና መመታትን የሚችል ሻንጣ ነው። የመጥለቂያ ሻንጣን የሚጨርሰው ግን ጨውና አሸዋ ነው፤ ምት ብዙም አይጎዳውም። ከታች ያሉትን መልሶች ስታነቡ ይሄን ያዙልኝ።

ተራ የጉዞ ሻንጣ አይበቃም ወይ?

ለአንድ ሁለት ጉዞ ይበቃል። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ቤት ያለውን ተጠቀሙ፣ ገንዘባችሁን ለጥሩ ማስክ አውሉት።

ችግሩ ተራ ሻንጣ ለደረቅ ልብስ የተሰራ መሆኑ ነው። ውስጡ ስስ ገበር አለው። ከገበሩ ጀርባ ደግሞ ስፖንጅ ወይም ካርቶን የመሰለ ነገር ይኖራል። እርጥብ ዌትሱት፣ ያ ሙቀት የሚጠብቀው የመጥለቂያ ልብስ፣ ሲገባበት ውሃው ገበሩን አልፎ እዚያ ይተኛል። አየር አያገኘውም፣ ይሻግታል። ሽታውን ለማስለቀቅ ደግሞ ገበሩን መቅደድ ሊኖርባችሁ ነው።

ሌላው የፊን፣ እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ፣ ነገር ነው። ለስኩባ የሚሆን ተረከዙ ክፍት የሆነ ፊን ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ሻንጣው መለያ ላይ የሚጻፈው ልክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የውጭው ነው፤ ጎማውም እጀታውም ተቆጥሮ። ስለዚህ 75 ሳንቲ ሜትር የሚል ሻንጣ ፊናችሁን ላያስገባ ይችላል። ፊናችሁን በብብታችሁ ሸጉጣችሁ ሱቅ ሂዱ። ሰው ዞር ብሎ ያያችኋል፣ ይይ። ያለ ሲሊንደር በአንድ ትንፋሽ ብቻ የሚጠልቁ ሰዎች የሚጠቀሙበት ረጅም ፊን ከሆነ ጭራሽ ሌላ ቦርሳ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ለስላሳ ሻንጣ ይሻላል ወይስ ጠንካራ ሳጥን?

ለአብዛኛው ጠላቂ ለስላሳው። ይሄን ስል የሚቆጡ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

ጠንካራ ሳጥን ስል ውሃ የማያስገባውን፣ ክዳኑ ዙሪያ የላስቲክ ጎሚኒ ያለውን፣ ወፍራም የፕላስቲክ ሳጥን ማለቴ ነው። ፔሊካን የሚባለው ዓይነት። ለውሃ ውስጥ ካሜራ ከእሱ የተሻለ የለም። ቢወድቅ ግድ የለውም፣ ሰው ቢቀመጥበትም ይችላል። የአየር ግፊት የሚያስተካክል ትንሽ ቫልቭ ስላለው ከአውሮፕላን ሲወርድ ክዳኑ ተጣብቆ እምቢ አይልም።

ግን ፊንና ቢሲዲ እንደ ካሜራ አይሰበሩም። ቢሲዲ፣ ሲሊንደሩን የሚይዘው አየር የሚሞላ ጃኬት፣ ጨርቅና አየር ነው። ዌትሱት ራሱ ፍራሽ ነው። ይሄን ሁሉ በከባድ ሳጥን መጠበቅ ትራስን በካዝና እንደመቆለፍ ነው።

ደግሞም ውሃ የማያስገባ ሳጥን ውሃ አያስወጣም። ይሄን በራሴ ዕቃ ነው የተማርኩት። በአንድ ጉዞ የመጨረሻ ቀን ጠልቄ፣ ዌትሱቱን ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ ሳጥኑ ውስጥ ዘጋሁት። ቤት ስደርስ ደክሞኝ ነበር፣ «ነገ እከፍተዋለሁ» አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ። ክዳኑን ስከፍት የወጣውን ሽታ አልገልጸውም። የቢሲዲው ብረት ቀለበቶች ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረ፤ የቢላዋዬ ስለት ደግሞ እጀታው ሥር ዝጎ ነበር። ሳጥኑ ራሱ? አንድ ጭረት አልነበረበትም።

በመሃል ያለው አማራጭ ታቹና ጀርባው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ላዩ ለስላሳ ጨርቅ የሆነው ሻንጣ ነው። ደረጃ ላይ ሲጎተት የሚፋተገው ጀርባው ስለሆነ ጥንካሬው በትክክለኛው ቦታ ነው ያለው። እኔ ዛሬ የምጎትተው ይሄኛውን ነው።

የባዶ ሻንጣ ክብደት ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

እስቲ እንደምረው። ቢሲዲ 3.5 ኪሎ። ሬጉሌተር ከነመጠባበቂያ አፉና ከነአየር መለኪያ ጌጁ 2.5። ፊን 2። አምስት ሚሊ ሜትር ዌትሱት ደረቁን 2.5። ቦት ጫማ 1። ማስክና ስኖርክል 0.7። መብራት፣ እጅ ላይ የሚታሰር የመጥለቂያ ኮምፒውተር፣ ቢላዋ፣ ቅንጥብጣቢ 1.3። ድምሩ 13.5 ኪሎ ነው። ቁጥሩ እንደየዕቃው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ብዙ ግን አይርቅም።

ብዙ አየር መንገዶች በተራው መደብ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነው። ባዶው 4 ኪሎ የሆነ ለስላሳ ሻንጣ ከያዛችሁ 17.5 ኪሎ ሆነ፤ ለልብስና ለጫማ 5.5 ኪሎ ተረፋችሁ። ትልልቆቹ ጠንካራ ሳጥኖች ግን ባዷቸውን 10 ኪሎ ያልፋሉ። 11 ኪሎ እንበል፤ ድምሩ 24.5 መጣ። አንድ ካናቴራ ሳትጨምሩ አለፈ። ከ32 ኪሎ በላይ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ እከፍላለሁ ብትሉም በአብዛኛው አይቀበሏችሁም፤ ከፍሎ ማስጫን የሚቻለው እስከዚያ ድረስ ነው።

የልኩም ገደብ እንዳለ አትርሱ። የተለመደው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ 158 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎማውም ይለካል።

ስለዚህ ሻንጣ ስትገዙ መጀመሪያ ባዶውን አንሱት። በአንድ እጅ ስታነሱት «ኡፍ» ካሰኛችሁ መልሱት።

ጎማው ምን ዓይነት ይሁን?

ሻንጣ አገላብጡና ጎማውን ሳታዩ አትግዙ። ዋጋው ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ብዛቱ። አራት እግር ያለው፣ በየአቅጣጫው የሚሽከረከረው ሻንጣ በአየር ማረፊያ ወለል ላይ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። ከዚያ ውጭ ግን ጠጠር ላይ ይቆማል፣ የጣውላ ወደብ ላይ በስንጥቁ ይገባል፣ ዘንበል ባለ ቦታ ደግሞ ጥሏችሁ ይሄዳል። እግሮቹ ከሻንጣው ወጣ ብለው ስለሚንጠለጠሉ ሲወረወር ቀድመው የሚሰበሩትም እነሱ ናቸው። ሁለት ጎማ ይሻላል፤ ትልቅ፣ ግማሹ አካሉ ሻንጣው ውስጥ የተቀበረ።

ቀጥሎ የተሰራበት ነገር። ደረቅ ፕላስቲክ ጎማ ይንኳኳል፣ ይሰነጠቃል። የሚሻለው ፖሊዩሬቴን የሚባለው፣ የሮለር ስኬት ጎማ የሚሰራበት፣ ጥፍር ሲጫኑት በትንሹ የሚሰጥ ዓይነት ነው። ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ሌሊት ሆቴል ኮሪደር ላይ ስትጎትቱት ይገባችኋል።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ለስላሳ የሚሽከረከር ጎማ ውስጡ ኩችኔታ አለው፤ ትናንሽ የብረት ኳሶች በቀለበት ውስጥ። ሱቅ ውስጥ በጣታችሁ ስታሽከረክሩት አይቆምም፣ ደስ ይላል። ያ ብረት ግን የባህር ውሃ ጠላቱ ነው። አንድ ሊትር የባህር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ይዟል። እርጥብ ወደብ ላይ አንዴ ከተጎተተ በኋላ ሳይታጠብ ከተቀመጠ ኳሶቹ ይዝጋሉ። በሚቀጥለው ጉዞ አንደኛው ጎማ ይንቀጫቀጫል፣ ከዚያ መዞር ያቆማል። መዞር ያቆመ ጎማ ደግሞ እየተጎተተ በአንድ በኩል ይላጣል፤ ክቡ ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነ ሻንጣ ጎትቼ አውቃለሁ። ከመኪና ማቆሚያ እስከ ጀልባ ድረስ ወደ ቀኝ ብቻ ነበር መሄድ የሚፈልገው።

ምን ይሻላል? ኩችኔታ ያለው ይሁን፣ ግን በቡሎን የታሰረ። በመፍቻ ፈታችሁ፣ ጎማውን አውጥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ሲብስ ቀይራችሁ የምትመልሱት። በሪቬት የተመታ ጎማ ሲበላሽ ሻንጣውም አብሮ አለቀ ማለት ነው። ሻጩን «የጎማ መለዋወጫ አላችሁ?» በሉት። ግራ ከተጋባ መልሱን ሰጣችሁ።

አሸዋ ላይስ? አሸዋ ላይ የትኛውም የሻንጣ ጎማ አይዞርም። ይሰምጣል። ማስታወቂያው ምንም ቢል።

የሚጎተተው እጀታ ለምን ይጣበቃል?

ብዙውን ጊዜ የአሉሚኒየም ቱቦ በቱቦ ውስጥ ስለሆነ ነው። በመካከላቸው ጥቂት የአሸዋ ፍሬ ከገባ ይይዛል። ጨው ሲጨመርበት አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ቱቦዎቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። እጀታውን ዘርግታችሁ በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ እንደተዘረጋም ይድረቅ። ስትገዙ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁት። ባዶውን የሚወዛወዝ እጀታ 20 ኪሎ ሲይዝ ይጣመማል።

ዚፑ ላይ ምን ልይ?

ጥርሱ ፕላስቲክ ይሁን፤ ወፍራም፣ አንድ በአንድ የሚቆጠር ጥርስ። መለያው ላይ 10 ቁጥር የሚል ካለ ጥሩ ነው፤ ሲዘጋ ወርዱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ነው። የብረት ጥርስ ለጅንስ ሱሪ ይሁን።

ጥርሱ ፕላስቲክ ቢሆንም ጎታቹ፣ ማለትም የሚንሸራተተው ራሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው። ቀለሙ ሲላጥ ዝገት ይጀምራል፤ ጨው ሲደርቅበት ደግሞ በጥርሶቹ መሃል እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ነጭ ፍሬ ታያላችሁ። በዚህ ጊዜ ጉልበት አትጠቀሙ። ለብ ያለ ውሃ አፍሱበት፣ በድሮ የጥርስ ብሩሽ አሹት፣ ፍሬው ሲሟሟ ራሱ ይሄዳል። ከደረቀ በኋላ ሻማ እሹበት። ዘይት ግን በጭራሽ! ዘይት አሸዋ ይይዛል፣ አሸዋና ዘይት ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

600 ዴኒየር፣ 1680 ዴኒየር የሚሉት ምንድን ነው?

የክሩ ውፍረት መለኪያ ነው። 9000 ሜትር ክር ሲመዘን ስንት ግራም እንደሆነ ይናገራል። 600 ማለት ያ ሁሉ ክር 600 ግራም ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ ይወፍራል፣ ጨርቁ ይጠነክራል፣ ግን ይከብዳል።

ሰው በዚህ ቁጥር በጣም ይታለላል። 1680 ዴኒየር ጨርቅ በደካማ ስፌት ከተያያዘ የሚለቀው ስፌቱ ነው። እጀታው ሻንጣው ላይ የተሰፋበትን ቦታ እዩ። ስፌቱ አራት ማዕዘን ሰርቶ መሃሉ በመስቀል የተሰፋ ከሆነ የሰፋው ሰው ሥራውን ያውቃል። በአንድ መስመር ብቻ ከተሰፋ ቁጥሩን እርሱት። ከጨርቅ ሌላ የጭነት መኪና ሸራ የመሰለው ፒቪሲ የተቀባ ጨርቅም አለ። እሱ በቧንቧ ውሃ ወዲያው ይጸዳል፤ ፀሐይ ላይ ለወራት ከተተወ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ስንት ሊትር ልግዛ?

ከ90 እስከ 120 ሊትር ለአንድ ሰው ይበቃል። 140 ሊትር ከገዛችሁ ትሞሉታላችሁ፣ ከሞላችሁት ደግሞ 23 ኪሎ ያልፋል። ባዶ ቦታ ያየ እጅ አያርፍም።

በጀርባ የሚታዘል ማሰሪያ ያስፈልገዋል?

ወደ ውሃው የሚያደርሳችሁ መንገድ አሸዋ፣ ድንጋይ ወይም ደረጃ ከሆነ አዎ። 20 ኪሎ አዝሎ ሩቅ መሄድ ማንም አይወድም፤ ግን ለመጨረሻዋ መቶ ሜትር ነፍስ ነው። ማሰሪያው ሳያስፈልግ የሚሸፈንበት ክዳን ይኑረው፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ የአየር ማረፊያው ማሽን ይይዘዋል። ደግሞ ጎማው ወገባችሁን የሚወጋ መሆን አለመሆኑን ሱቅ ውስጥ አዝላችሁ ሞክሩ።

ዕቃውን እንዴት ልደርድር?

ከባዱ ነገር ከጎማው በኩል። ሻንጣው ሲቆም ታች የሚሆነው እሱ ነው፤ ከባዱ ከላይ ከሆነ እጃችሁን በለቀቃችሁ ቁጥር ይወድቃል። ፊኖቹን ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ አቁሟቸው። ቢሲዲውን ውሃውን አፍስሳችሁ፣ አየሩን አውጥታችሁ ከታች አንጥፉት። ማስኩ በራሱ ሣጥን ይግባ፣ መሃል ላይ። ዌትሱቱ ከላይ ይልበሰው፤ ጨምቃችሁ አትጠፉት፣ ዌትሱት የሚሰራበት ኒዮፕሪን የሚባለው ላስቲክ ለረጅም ጊዜ ከታጠፈ የእጥፉን ምልክት ይይዛል።

ሬጉሌተሩን ብትችሉ በእጅ ሻንጣ ያዙት። ውድ ነው፣ ሕይወታችሁም እሱ ላይ ነው። ቱቦዎቹን ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልሏቸው፣ የአቧራ ክዳኑ በቦታው መሆኑን አረጋግጡ።

በአውሮፕላን ስሄድ ምን ልጠንቀቅ?

ቢላዋና መቁረጫ ወደሚጫነው ሻንጣ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በተቃራኒው፤ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ጫፎቹ ተሸፍነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ዋት ሰዓቱን ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙት። 3.6 ቮልት፣ 5 አምፔር ሰዓት የሆነ የመብራት ባትሪ 18 ዋት ሰዓት ነው፣ አያሳስብም። ኃይለኛ የመጥለቂያ መብራት ግን ውሃ ውጭ ከበራ በጣም ይግላል። ሻንጣ ውስጥ በራሱ እንዳይበራ ባትሪውን ለዩት፤ አየር መንገዱንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሲሊንደር አትሸከሙ። የተለመደው 11 ሊትር የአሉሚኒየም ሲሊንደር ባዶውን 14 ኪሎ ገደማ ነው፣ የትኛውም የመጥለቂያ ቦታ ይከራያል። ለመስመጥ ወገብ ላይ የሚታሰረውን የእርሳስ ክብደትም እዚያው ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሆነው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ፣ ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። ይሄ ለሰውነታችሁ ነው፤ በሰውነታችሁ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን እንዲወጣ። እኔ ግን ለዕቃውም እቆጥረዋለሁ። በዚያ 18 ሰዓት ዌትሱቱ ይደርቃል። የደረቀ ዌትሱት ሻንጣውን ያቀልለታል፣ ሽታም የለውም።

ሻንጣውን ጀልባ ላይ ይዤ ልውጣ?

ለቀን ጉዞ አይሆንም። የጀልባ ወለል ጠባብ ነው፣ ባለ ጎማ ነገር ማዕበል ሲመጣ ይሄዳል። ከጀልባው ሠራተኞች ጋር በመጀመሪያው ቀን ለምን ትጣላላችሁ? ውሃ የሚያንጠባጥብ የመረብ ቦርሳ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አጥፋችሁ ያዙ፣ ጀልባ ላይ እሱን ውሰዱ። ለቀናት ጀልባ ላይ የምታድሩ ከሆነ ደግሞ ተጣጥፎ አልጋ ሥር የሚገባ ለስላሳ ሻንጣ ይሁን። ጠንካራ ሳጥን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሳምንቱን ሙሉ አብሯችሁ ይተኛል።

ባለ ጎማ የፕላስቲክ ሳጥን፣ የቤት ዕቃ ማስቀመጫውስ?

በመኪና ብቻ ለሚሄድ ሰው በጣም ወድጄዋለሁ። ርካሽ ነው። እርጥቡን ዕቃ ስትጥሉበት የመኪናው ምንጣፍ አይበሰብስም። ቤት ስትደርሱ ንጹህ ውሃ ሞልታችሁበት ዕቃውን ታለቀልቁበታላችሁ። ልብስ ስትቀይሩ ደግሞ ውስጡ ቆማችሁ እግራችሁን ከአሸዋ ታድናላችሁ። ጎማው ትንሽ ስለሆነ ግን ሩቅ አትጎትቱት፤ ወደ አውሮፕላንም አይሄድም፣ ክዳኑ አይታመንም።

ያገለገለ ልግዛ?

ግዙ፣ ግን አፍንጫችሁን አስገቡበት። የሻገተ ሽታ አይለቅም። ከዚያ ዚፑን ዙሪያውን ክፈቱና ዝጉ፣ እጀታውን ሦስት ጊዜ አውጡ አስገቡ፣ ጎማዎቹን አሽከርክሩ። ታቹ በመጎተት መላጡ አያስፈራም። ደግሞ የመጥለቂያ ዕቃ አምራች ስም በትልቁ የተጻፈበት ከሆነ ስሙን ሸፍኑት፤ «ውስጤ ውድ ዕቃ አለ» የሚል ሻንጣ ሌባ ይጠራል።

ከጉዞ ስመለስ ምን ላድርግ?

ሻንጣውን ራሱን እጠቡት። ሰው ዕቃውን አንድ በአንድ አጥቦ ሻንጣውን ከነጨዉ ጓዳ ይከተዋል። ታቹ ላይ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ካለው ሥራው ቀላል ነው፤ ከሌለው ገልብጡት። ጎማዎቹን በውሃ እያሽከረከራችሁ እጠቡ፣ ዚፑን ክፍት ተዉት፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ጎማው ከታጠበ በኋላም የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ቡሎኑን ፈታችሁ ኩችኔታውን አውጡ። ብዙዎቹ የስኬትቦርድ መለኪያ፣ ማለትም 608 የሚባለው ናቸው፤ የውጭው ወርድ 22፣ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር። የእናንተም እሱ ከሆነ ስኬትቦርድ ከሚሸጥበት ሱቅ ሁለት ጥንድ ገዝታችሁ አንዱን ጥንድ ሻንጣው ኪስ ውስጥ ከመፍቻው ጋር አኑሩት።